የቡና አበባ ስንት ቦታ ይታጠፋል?

በቱም ከተማና በአካባቢዋ ለሕፃናት ሲሜትሪን በወቅቱ ቅጠል፣ ፍሬና አበባ ስለማስተማር

መምህሩ ከደብተር የተገነጠለ አንድ ገጽ ከፍ አድርጎ አሳየ። «ይህ ወረቀት ሁለት ወገኑ ልክ እንዲገጥም ሆኖ ስንት ቦታ ይታጠፋል?» ከየዴስኩ የተሰማው መልስ አንድ ዓይነት ነበር። «አራት፣ ቲቸር!» በቁመቱ አንድ፣ በወርዱ አንድ፣ ከጥግ እስከ ጥግ ደግሞ ሁለት። የተጠራጠረ ልጅ የለም። መምህሩም አላረማቸውም። ለየዴስኩ አንድ አንድ ገጽ አደለና «በሉ እጠፉት» ብሎ ዝም አለ።

በቁመቱ ገጠመ። በወርዱም ገጠመ። ከጥግ እስከ ጥግ የታጠፈው ግን ሁለት ጆሮ አውጥቶ ቀረ። አንዲት ልጅ አስተጣጠፏ የተበላሸ መስሏት ወረቀቱን ዘርግታ እንደገና አጠፈችው፤ እጥፋቱንም በጥፍሯ ደጋግማ ጫነችው። ጆሮዎቹ አሁንም አልገቡም። ከአጠገቧ ያለው ልጅ ወረቀቱን ነጥቆ ሞከረ። እሱም አልሆነለትም። በዚህ ጊዜ ክፍሉ በጫጫታ ተሞላ፤ ጫጫታው ግን ስለ ሒሳብ ነበር።

የሦስተኛና የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማረ ሰው ይህን ስሕተት ያውቀዋል። በቱም ብቻ የሚታይ አይደለም፤ በሌሎች አገሮችም ብዙ ልጆች ቁመቱ ከወርዱ የሚበልጥ አራት ማዕዘን ሲሰጣቸው ከጥግ እስከ ጥግ ያለውን መስመር የሲሜትሪ መስመር ይሉታል። ጎልማሳም ቢጠየቅ ብዙ ጊዜ እንደዚያው ይመልሳል። ስሕተቱ ከየት እንደሚመጣ ካልተረዳን በማረም ብቻ አይጠፋም።

ሁለት እኩል ቁራጮች

ከጥግ እስከ ጥግ የተሰመረው መስመር ወረቀቱን በእርግጥ ለሁለት እኩል ሦስት ማዕዘኖች ይከፍለዋል። ልጆቹ ያዩት ይህንን ነው፤ ዓይናቸው አልዋሻቸውም። ነገር ግን ሁለቱ ሦስት ማዕዘኖች አንዱ በሌላው ላይ የሚያርፉት በማጠፍ ሳይሆን በማዞር ነው። ወረቀቱን በመቀስ ቆርጦ አንደኛውን ቁራጭ ግማሽ ዙር ሲያዞሩት ያኔ ልክ ይገጥማል። ስለዚህ በየክፍሉ በቃል የሚጠናው «የሲሜትሪ መስመር ማለት አንድን ምስል ለሁለት እኩል የሚከፍል መስመር ነው» የሚለው አባባል ጎዶሎ ነው። እኩል መክፈል ብቻውን አይበቃም፤ አንደኛው ወገን በመስተዋት ውስጥ እንደሚታይ ሆኖ ከሌላው ጋር መገጣጠም አለበት።

እንዲህ ያለውን ጎዶሎ ነገር ንግግር አያቃናውም። ሆላንዳውያኑ ባልና ሚስት መምህራን ፒየር ቫን ሂሌና ዲና ቫን ሂሌ ገልዶፍ እ.ኤ.አ. በ1957 ባቀረቡት ጥናት ልጆች ጂኦሜትሪን በደረጃ እንደሚረዱ አሳዩ። በመጀመሪያው ደረጃ ልጅ ቅርጽን በመልኩ ብቻ ያውቀዋል፤ «አራት ማዕዘን የሆነው በር ስለሚመስል ነው» ይላል። የቅርጹን ጠባይ፣ ጎኖቹንና ማዕዘኖቹን ለይቶ የሚናገረው ቀጥሎ ባለው ደረጃ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ዕድሜ ሳይሆን ትምህርቱ የሚሰጥበት መንገድ ነው። ልጅ በእጁ ሲያጥፍ፣ ሲቆርጥ፣ ሲያዞር፣ ሲለካ ይሻገራል። መምህሩ ከፍ ባለው ደረጃ ቋንቋ እየተናገረ ልጁ ገና በታችኛው ላይ ካለ ግን ሁለቱ እየተነጋገሩ አይግባቡም።

ዓይን ሌላም ድካም አለበት። ኤርንስት ማኽ የተባለው የፊዚክስ ሊቅ ገና በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንዳስተዋለው፣ ከላይ ወደ ታች በቀጥታ በሚወርድ መስመር ግራና ቀኝ የተመሳሰለን ነገር ሰው ወዲያው ይለያል፤ መስመሩ ሲጋደም ወይም ሲያዘነብል ግን ይቸግረዋል። ለዚህ ነው ልጆች የቢራቢሮን ሥዕል በቀላሉ የሚመልሱት፣ ያው ቢራቢሮ አዘንብሎ ሲሳል ግን የሚሳሳቱት። መድኃኒቱ ወረቀቱን ማዞር ነው። ሥዕሉ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከሆነ ደግሞ ማዞር አይቻልም።

«ልጆቹ ያዩት እኩልነት እውነት ነበር፤ የሚገጥመው ግን በማጠፍ ሳይሆን በማዞር ነው።»

በማጂ መንገድ ላይ

ቱም ከሚዛን አማን ወደ ደቡብ፣ ወደ ማጂ በሚያወጣው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በገበያ ቀን ዲዚው፣ ሜኤኒቱና ሱሪው፣ ከሌላ አገር መጥቶ የከረመው ነጋዴና የመንግሥት ሠራተኛው ይገናኙባታል። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በኅዳር 2014 ዓ.ም. ሲመሠረት አካባቢው የምዕራብ ኦሞ ዞን ሆኖ ክልሉን ተቀላቀለ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ግን በዲዚ፣ በሜኤኒት ወይም በሌላ ቋንቋ አፉን የፈታ ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጣል። «ትይዩ»፣ «እኩሌታ»፣ «ማዕዘን» የሚሉት ቃላት ለእነዚህ ልጆች እኩል ቅርብ አይደሉም። የታጠፈ ቅጠል ግን ለሁሉም እኩል ቅርብ ነው። በእጅ የማስተማር ትልቁ ጥቅም እዚህ አገር ይህ ይመስለኛል፤ ቃሉ የሚመጣው ልጁ ነገሩን ከያዘ በኋላ ነው።

ዝናቡ ከመጋቢት ገደማ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። በቡና አገር ያለ ልጅ ዓመቱን የሚቆጥረው በዚያው በቡናው ነው፦ ቀይ እሸት የሚለቀምበት ጊዜ፣ ቡናው በአልጋ ላይ የሚደርቅበት ጊዜ፣ ደረቁ ወቅት፣ ከዚያ የመጀመሪያው ዝናብና አበባው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከዚሁ ከማጂ አቅጣጫ የተሰበሰበው የጌሻ ቡና ዘር በምሥራቅ አፍሪካና በኮስታሪካ በኩል አልፎ ፓናማ ገባ፤ ዛሬ በዓለም ገበያ እጅግ ውድ ከሚባሉት ቡናዎች አንዱ ነው። ዛፉ ይህን ያህል ከተጓዘ በገዛ አገሩ የሒሳብ ክፍል ውስጥ ቦታ ሊነፈገው አይገባም።

መስከረም፦ ሥዕልና ስጦታ

የትምህርት ዓመቱ ሲከፈት ልጆች ከእንቁጣጣሽ ሥዕል ጋር ይመጣሉ። በብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች ወንዶች ልጆች አበባ፣ ፀሐይ ወይም መልአክ ስለው ለጎረቤት ያድላሉ፤ ሴቶቹ አበባየሆሽ እያሉ በየደጁ ይዞራሉ። መልአክ የሳለ ልጅ ችግሩን ያውቀዋል፤ አንደኛው ክንፍ ያማረ ሆኖ ሁለተኛው ይንጋደዳል። እዚህ ላይ አንድ መምህር የሚያደርገው ነገር ትንሽ ነው። ወረቀቱን በመሐል አጥፎ አንደኛውን ክንፍ ብቻ በወፍራም ቀለም ማስቀባት፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ማጠፍና በመዳፍ መጫን። ቀለም ከሌለ የቡና አተላ ከጥቂት ከሰል ጋር ተለውሶ ይሠራል። ወረቀቱ ሲከፈት ሁለተኛው ክንፍ ራሱ ታትሞ ይገኛል። ቀጥሎ የሚጠየቀው ጥያቄ ግን ከሥዕሉ ይበልጣል፦ በአንደኛው ክንፍ ላይ ከእጥፋቱ አራት ጣት የራቀው ነጥብ በሌላው ላይ ስንት ጣት ይርቃል? ልጁ በጣቱ ለክቶ ያገኘዋል።

የበረዶ አገር መምህራን ይህን ትምህርት የሚሰጡት በክረምታቸው ወረቀት አጣጥፈው በመቀስ እየቆረጡ የበረዶ ቅንጣት በማሠራት ነው። የበረዶ ቅንጣት ስድስት ማዕዘን አለውና። ዮሐንስ ኬፕለር እ.ኤ.አ. በ1611 ስለዚሁ ቅንጣት ትንሽ መጽሐፍ ጽፎ ለወዳጁ የአዲስ ዓመት ስጦታ አድርጎ አበረከተው። ለቱም ልጅ በረዶው ሩቅ ነው፤ ኬፕለር በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ከበረዶው ጎን ያነሣው ሌላው ምሳሌ ግን ቅርቡ ነው። እሱም የማር እንጀራ ነው።

በደቡብ ምዕራብ ጫካ ውስጥ ቀፎ ዛፍ ላይ የሚሰቅል አባት ወይም አያት ያለው ልጅ ብዙ ነው። ማሩ የተንጠፈጠፈለት የሰም ቁራጭ ክፍል ውስጥ ሲዞር ልጆቹ መጀመሪያ ይቀምሱታል፣ ቀጥሎ ይቆጥሩታል። እያንዳንዱ ጎጆ ስድስት ጎን አለው። ከካርቶን ተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች፣ አራት ማዕዘኖች፣ አምስት ማዕዘኖችና ስድስት ማዕዘኖች ቆርጦ «ክፍተት ሳይተርፍ ወለሉን አልብሱ» ቢባሉ አምስት ማዕዘኑ እምቢ ይላል። ጎኖቻቸውና ማዕዘኖቻቸው እኩል ከሆኑት ቅርጾች መካከል ወለልን ለብቻቸው የሚያለብሱት ሦስቱ፣ ማለትም ባለ ሦስቱ፣ ባለ አራቱና ባለ ስድስቱ ብቻ ናቸው። የእስክንድርያው ሊቅ ጳጶስ በአራተኛው ክፍለ ዘመን ንቦች ከሦስቱ መካከል በትንሽ ሰም ብዙ ማር የሚይዘውን እንደመረጡ ጽፏል። ለየትኛውም ቅርጽ ሳይወሰን ስድስት ማዕዘኑ ቆጣቢ መሆኑን የሚያሳየው የሒሳብ ማረጋገጫ የመጣው ግን እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካዊው ቶማስ ሄልስ ነው። የአራተኛ ክፍል ልጅ ማረጋገጫውን ሊከተል አይችልም፤ ጥያቄው ግን ይገባዋል። ጥያቄው የገባው ልጅ ደግሞ ሒሳብ ያለቀ ነገር አለመሆኑን ያውቃል።

ለመስቀል በዓል የሚታየው የመስቀል ቅርጽም እዚሁ ወር ላይ ይመጣል። ሁሉም ልጅ በፎቶግራፍ የሚያውቀው የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ ሲታይ አራት እኩል ክንድ አለው፤ ሩብ ዙር ቢዞር ያው ነው። በአንገት ላይ የሚንጠለጠለው፣ ታችኛው እግሩ የረዘመው መስቀል ግን አንድ ማጠፊያ፣ ማለትም አንድ የሲሜትሪ መስመር ብቻ አለው። ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ብቻ ይበቃል።

ኅዳር፦ ዴስኮቹ ሲሳሱ

ቀይ እሸት በሚለቀምበት ወራት ክፍሉ ይሳሳል። ወላጅ እጅ ያጥረዋል፤ ልጅም ቅርጫት ይዞ ይወጣል። መምህራን ይህን በቅሬታ ያነሡታል፤ ልጁ ሲመለስ ትምህርቱ አምልጦታልና። ወላጆች ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ደብተርና ዩኒፎርም የሚገዛው ያው ቡና መሆኑን ያስረዳሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ይህን የሚፈታ የሒሳብ ትምህርት የለም። ልጁ ከቡናው ሥር ተመልሶ ሲመጣ ግን ሁለት ሳምንት በመዳፉ ሲያገላብጠው የከረመውን ነገር ትምህርት አድርጎ መቀበል ይቻላል።

አንዲት ቀይ ፍሬ በመሐሏ አግድም ትቆረጣለች። ምላጩን የሚይዘው መምህሩ ነው። ውስጧ ሁለት ፍሬዎች ጠፍጣፋ ፊታቸውን አገጣጥመው ይታያሉ፤ ጀርባቸው ክብ ነው። ይህ የተቆረጠ ፊት ሁለት ማጠፊያ አለው፦ አንዱ በሁለቱ ፍሬዎች መሐል ባለው ስንጥቅ ላይ፣ ሌላው ሁለቱንም አቋርጦ። ግማሽ ዙር ቢዞርም ራሱን ይመስላል። ብዙ ፍሬ ከተቆረጠ ልጆቹን አንዲት እንግዳ ትገጥማቸዋለች፤ በውስጧ ሁለት ሳይሆን አንዲት ክብ ፍሬ ብቻ ያለች። ከሁለቱ ዘሮች አንዱ ሳያድግ ሲቀር የቀረው ቦታውን ሁሉ ይሞላና ይከበባል። ቡና ለቃሚ ሁሉ አይቷታል፤ ለምን ክብ እንደሆነች የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። የጎረቤቱ መኖርና አለመኖር የፍሬውን ቅርጽ እንደሚወስን ልጁ ሲያይ ሲሜትሪ ጌጥ ብቻ አለመሆኑን ይረዳል። ቅርጹ እንዴት እንደተሠራ የሚናገር ምልክት ነው።

ከዚህ በኋላ ምላጩ ሥራ አይፈታም። ሙዝ አግድም ሲቆረጥ መሐሉ ላይ ሦስት ክፍል ይታያል። ከጫካው የሚለቀመው የኮረሪማ ፍሬም ውስጡ ለሦስት የተከፈለ ነው። ፓፓያ አግድም ሲቆረጥ ባዶ ሆዱ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ይሠራል። እነዚህን ፍሬዎች ልጁ ዕድሜውን ሙሉ በልቷቸዋል፤ ግን የሚቆርጣቸው በቁመታቸው ስለሆነ ኮከቡን አይቶት አያውቅም። ፓፓያውን በቁመቱ ቢቆርጡት የሚገኘው አንድ ማጠፊያ ብቻ ነው። የት ተቆረጠ የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ ነው።

የመጀመሪያው ዝናብ

በደረቁ ወራት የቡናው እምቡጥ በቅርንጫፉ ላይ ተኝቶ ይጠብቃል። ከጥር መጨረሻ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ዝናብ ሲጥል ይነቃና ከሳምንት ትንሽ አለፍ ብሎ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። ቡና ያለበት ቦታ ሁሉ ነጭ ይሆናል፤ ሽታው ከመንገድ ይቀበላል። ይህ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በላይ አይቆይም። በሳምንታዊ ዕቅድ ላይ «ማክሰኞ፦ የቡና አበባ» ብሎ መጻፍ አይቻልም፤ ዝናቡ ነው ቀኑን የሚወስነው።

አበባዋን በመዳፍ ላይ አድርጎ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ከሥር ቀጭን ቱቦ አላት፤ ቱቦዋ ወደ ላይ ሲከፈት አምስት ጠባብ ነጭ ቅጠሎች ይዘረጋሉ። በየሁለቱ ቅጠሎች መሐል አንድ አንድ ቀጭን የዱቄት ዘንግ ቆሟል፤ እነሱም አምስት ናቸው። ማጠፊያ ፍለጋ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ልጁ ከአንዱ ቅጠል ጫፍ መስመር አስነሥቶ በመሐል አሳልፎ ወደ ማዶ ሲወስድ በሌላ ቅጠል ጫፍ ላይ አይወጣም፤ በሁለት ቅጠሎች መሐል ባለው ክፍተት፣ ዘንጉ በቆመበት ላይ ይወጣል። ለብዙ ልጅ ይህ ስሕተት ይመስለዋል። በማር እንጀራው ባለ ስድስት ጎን ጎጆ ላይ ከማዕዘን የተነሣ መስመር በማዶው ማዕዘን ላይ ይወጣልና። አምስት ጎዶሎ ቁጥር ስለሆነ ማዶው ሁልጊዜ ክፍተት ነው፤ ስድስት ሙሉ ቁጥር ስለሆነ ማዶው ሌላ ማዕዘን ነው። ጎዶሎና ሙሉ ቁጥርን በአንደኛ ክፍል በጠጠር የተማረ ልጅ እዚህ ላይ በቅርጽ ያገኘዋል። ከሲሜትሪ ትምህርት ሁሉ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው።

«ቀኑን የሚወስነው ዝናቡ ነው፤ አበባውም ከሦስት ቀን በላይ አይጠብቅም።»

ይህንኑ ባለ አምስት ቅርጽ ልጆቹ በየጠዋቱ ሰልፍ ላይ ያዩታል። በሰንደቅ ዓላማችን መሐል ያለው ኮከብ በዙሪያ ቅርጹ ልክ እንደ ቡና አበባዋ አምስት ማጠፊያ አለው፤ ከአንዱ ጫፍ የተነሣው መስመር በሁለት ጫፎች መሐል ባለው ጎድጓዳ ላይ ይወጣል። ልጆቹ በሰልፉ ላይ አንገታቸውን አንጋጠው መስመሩን በጣታቸው በአየር ላይ ሲስሉ ማየት ይቻላል።

ያልተከፈተው እምቡጥ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይዟል። ቅጠሎቹ ተጠማዘው ተጠቅልለዋል፤ እያንዳንዱ ቅጠል የጎረቤቱን ጠርዝ በአንድ አቅጣጫ ይሸፍናል። ከአናቱ ሲታይ በአምስት እርከን ቢዞር ራሱን ይመስላል፤ ቢታጠፍ ግን አይገጥምም፣ ምክንያቱም የመስተዋት ምስሉ ወደ ሌላው አቅጣጫ የተጠመዘዘ ነው። ስለዚህ እዚያው ቅርንጫፍ ላይ ማዞርና ማጠፍ ተለያይተው ይገኛሉ፦ እምቡጡ ይዞራል እንጂ አይታጠፍም፤ የፈካችው አበባ ትዞራለችም ትታጠፋለችም። በወረቀቱ ጥግ የተጀመረው ግራ መጋባት የሚፈታው እዚህ ነው።

አንድ እውነተኛ ተቃውሞ አለ። ገበሬ የቡና አበባ ሲቀነጠስ አይወድም። አበባ መቁረጥ ፍሬ መቁረጥ ነውና ልጅን «ተው!» ይሉታል፣ ተገቢም ነው። መቁረጥ ግን አያስፈልግም። አበባዋ ሥራዋን ስትጨርስ ነጩ ክፍል ከነዘንጎቹ ሙሉውን ተላቆ ይወድቃል፤ የሚያፈራው ክፍል ቅርንጫፉ ላይ ይቀራል። ጠዋት በማለዳ ከዛፉ ሥር የወደቁትን መልቀም ይቻላል። ከረፈደ ይጠወልጋሉ፤ ስለዚህ በመጽሐፍ ገጾች መሐል ወዲያው መጫን አለባቸው።

ቅጠሉ ሳይገጥም ሲቀር

የቡና ቅጠሎች በቅርንጫፉ ግራና ቀኝ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይወጣሉ። አንዱን ቀንጥሶ በመሐል ጅማቱ ላይ ማጠፍ ቀላል ነው። ጠርዙ ግን ብዙ ጊዜ ልክ አይገጥምም፤ በትንሹ ያልፋል። በሙዝ ቅጠል ላይ ልዩነቱ ይጎላል፤ አንደኛው ወገን ከሌላው ሊሰፋ ይችላል። መምህር እዚህ ላይ ይፈራል፤ ምሳሌው የተበላሸበት መስሎት ልክ የሚገጥመውን ቅጠል ሊመርጥ ይፈልጋል። እኔ ግን ያልገጠመው እንዲቀር እመክራለሁ። ምን ያህል አለፈ? በማስመሪያ ይለካ። ጥንዱ ቅጠልስ በየትኛው ወገን ያልፋል? የአሥር ቅጠል ልክ በደብተር ላይ ይጻፍ። በመጽሐፍ ላይ የተሳለ ቢራቢሮ ሁለት ክንፉ በኮምፒዩተር የተገለበጠ ስለሆነ የሚለካበት ነገር የለውም። ቅጠሉ ግን ፀሐይ፣ ትልና ነፋስ የነካው ነው። ልጁ በሒሳብ የሚነገረው ልክ ቅርጽና በዓለም ላይ ያለው ቅርጽ ተቀራራቢ እንጂ አንድ አለመሆናቸውን በዘጠኝ ዓመቱ ቢያውቅ አይበዛበትም።

ስፌት የምትሰፋ እናት የምታውቀው

ወስፌ፣ አክርማና አለላ ይዛ የምትቀመጥ ባለሙያ ሴት የማዞር ሲሜትሪን ከማንም በላይ ታውቃለች። ስፌቱ ከመሐል ተነሥቶ ዙሪያውን እየሰፋ ይሄዳል። ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ ልታወጣ ከፈለገች በመጀመሪያው ዙር ላይ ቀለሙ በየስንተኛው ውግ እንደሚገባ መቁጠር አለባት፤ ዙሩ ሲሰፋ ቁጥሩም በዚያው ልክ ይጨምራል። አንድ ውግ ከተሳተች የመጨረሻው ጫፍ ከመጀመሪያው ጋር ሲገናኝ ይጋጫል፤ ያን ጊዜ መፍታት ነው። አንዲት እንዲህ ያለች እናት ክፍል ውስጥ ተጋብዛ ብትሰፋና ልጆቹ «እማማ፣ ለምን እዚህ ቀየሩ?» ብለው ቢጠይቋት የምትሰጠው መልስ የማካፈል ትምህርት ነው።

በሞዛምቢክ ለአሥርት ዓመታት መምህራንን ያሠለጠነው ፓውሉስ ጌርዴስ አብዛኛውን ሥራውን የሠራው በዚህ ላይ ነበር። የአፍሪካ ቅርጫት፣ ሰሌንና ሽመና ውስጥ ያለውን ጂኦሜትሪ እያወጣ መጻሕፍት ጻፈ። አሜሪካዊው ሮን ኤግላሽም እ.ኤ.አ. በ1999 በአፍሪካ ስለሚገኙ ተደጋጋሚ ቅርጾች ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የኢትዮጵያን መስቀሎች አካትቷል። እነዚህ ሥራዎች ለመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆቻችን ባዳ ሊሆኑ አይገባም ነበር።

ቡና በሚፈላበት ቤት ውስጥ ያለውም ሊረሳ አይገባም። ሲኒ እጀታ ስለሌለው በማንኛውም መጠን ቢዞር ያው ነው። ጀበና ግን ጡትና እጀታ ስላለው አንድ ብቻ ነው መክፈያው፤ ጡቱንና እጀታውን እኩል ሰንጥቆ የሚወርደው። ልጆች ይህን በቤታቸው እንዲመልሱ ቢታዘዙ እናትና አያትም በጥያቄው ይገቡበታል።

ፈተናውና የክፍለ ጊዜው ሠሌዳ

መምህራን የሚያነሡት ስጋት ተገቢ ነው። ክፍሉ ጠባብ፣ ልጁ ብዙ ነው፤ መጽሐፉ በጊዜ ማለቅ አለበት፤ ፈተናው የሚጠይቀው «ይህ ምስል ስንት የሲሜትሪ መስመር አለው?» ብቻ ነው፤ ምስሉም የታተመ ነው። አንዳንድ ርእሰ መምህራን ልጅ በክፍለ ጊዜ ከግቢ ሲወጣ አይወዱም። ወላጅም ልጁ ቅጠል ሲያጥፍ ውሎ ሲመጣ «ዛሬ አልተማራችሁም እንዴ?» ይላል። ለመጨረሻው መልሱ የልጁ ደብተር ነው፤ የተለካው የቅጠል ጠርዝና የተጫነችው አበባ አጠገብ ቁጥሩ ተጽፎ ከታየ ወላጅ ትምህርቱን ያየዋል። ለፈተናው ደግሞ የሚያስፈልገው አንድ ጥያቄ መጨመር ነው፦ ልጁ ቁመቱ ከወርዱ የሚበልጥ አራት ማዕዘን ወረቀት ይሰጠውና ከጥግ እስከ ጥግ ያለው መስመር ለምን የሲሜትሪ መስመር እንዳልሆነ አጥፎ ያሳይ።

ዕቃው ውድ አይደለም። ያገለገለ ወረቀት፣ ጥቂት መቀስ፣ ከገበያ የሚገዛ ትንሽ የኪስ መስተዋት ለየዴስኩ፣ አንድ ምላጭ በመምህሩ እጅ። ከዕቃው ይልቅ የሚከብደው ጊዜው ነው። አበባው በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ስለሚፈነዳ የሲሜትሪው ምዕራፍ በመጽሐፉ የትም ገጽ ላይ ቢሆን ወደዚያ መገፋት አለበት፤ ይህም የሚወሰነው በጥር ዕረፍት ላይ መምህራን ዕቅድ ሲያወጡ ነው። የአካባቢ ሳይንስ መምህሩ የአበባን ክፍሎች የሚያስተምረው በዚያው አበባ ስለሆነ ሁለቱ መምህራን አንድ ጠዋት መጋራት ይችላሉ። ዝናቡ ከዘገየ ባለፈው ዓመት ተጭነው የደረቁት አበቦች ይወጣሉ፤ ለእነሱ ማስቀመጫ አንድ አሮጌ መዝገብ ይበቃል። የቡናው እምቡጥ ሲነጣ ያየ ልጅ በማግስቱ ለክፍል ኃላፊው እንዲናገር ይደረግ። ርእሰ መምህሩም በዚያች ሳምንት የክፍለ ጊዜው ሠሌዳ እንዲቀያየር አስቀድሞ ይፍቀድ።